ንስሩ ከበረዶው ላይ ቢነሳ ምን ይጎድላል? የክሩ ጉዞ እስከ 22ኛው መልስ

የዚህ የውይይት ክር አወያይ ነኝ። ክሩ ረዝሟል፤ ግማሹም መንገድ ስቷል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ከሚለፋ ይህን ቢያነብ ይቀለዋል ብዬ የተባለውን በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ የራሴን አስተያየትም አልደበቅኩም።

ክሩን የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ የመጻሕፍት ሽፋን የሚሠራ ግራፊክስ ባለሙያ ነው። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ለጠፈ። የመጀመሪያው ጃፓናዊው ሂሮሺጌ እ.ኤ.አ. በ1857 ያወጣው የእንጨት ህትመት ነው። ከላይ ክንፉን የዘረጋ ግዙፍ ንስር ወደ ታች ያንዣብባል፤ ከሥሩ በረዶ የለበሰ ረግረግና ሰማያዊ ውኃ፣ ከሩቅ ደግሞ ነጭ ተራራ ይታያል። ሁለተኛው ያው ሥዕል ነው፣ ንስሩ ግን በኮምፒውተር ተፍቋል። ሰውየው የሚለው፣ በጃፓኖች የበረዶ ሥዕል ውስጥ ወፍ ጌጥ ነው፤ ሲነሳ መልክዓ ምድሩ ይተነፍሳል፣ ብርዱም ይብሳል። ስለዚህ የእሱ የተፋቀው ምስል ከዋናው ይበልጣል። መጨረሻ ላይ እግረ መንገዱን አንድ ጥያቄ ጣል አደረገ፦ ይህ ሁሉ በረዶ በነጭ ቀለም ነው የታተመው? ለክሩ ሕይወት የሰጠችው ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት።

1ኛው መልስ በሰላምታ የጀመረ፣ አንቱታውን ያልሳተ ነበር። መላሹ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ብቻ ነገረን። ቦታው በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ፉካጋዋ የተባለው ሰፈር ዳር ያለው የሱሳኪ ረግረግ ነው። ሩቅ ያለው ተራራ ጹኩባ ይባላል። ሥዕሉ የወጣው ሂሮሺጌ ከ1856 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1858 በሠራው የኤዶ መቶ ትዕይንቶች ተከታታይ ውስጥ ነው። መቶ ይባል እንጂ ሥዕሎቹ ከመቶ በላይ ናቸው። ተከታታዩ የተጀመረው ከተማዋን የ1855ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ባወደማት ማግስት መሆኑንም አስታወሰ። ሌሎቹ ኋላ የተከራከሩበት ነገር ሁሉ ከዚህ መልስ ይነሳል፤ የሚያሳዝነው ማንም አላመሰገነውም።

2ኛው ቀልድ ነበር፦ ንስሩን ያጠፋው ሰው ከታች ያለውን ምስኪን ፍጥረት ነፍስ አተረፈ የሚል። ብዙ ሳቅ ተለጠፈለት።

3ኛዋ ጀርመን የምትኖር የታሪክ መምህርት ናት፤ የቀልዱን ጫፍ ይዛ ቁም ነገር አደረገችው። ንስሩ ወዴት እንደሚያይ ተከተሉ አለች። ከታች ውኃው ላይ አንድ የእንጨት ገንዳ ይንሳፈፋል። የንስሩ አንገትም፣ ምንቃሩም፣ ጥፍሩም ወደዚያ ያመለክታሉ። ንስሩ ከተፋቀ ገንዳው ውኃ የጣለው ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል፤ የተመልካቹ ዓይንም ወደ እሱ የሚወርድበት ምክንያት የለውም። ቀጥላ የቦታውን ታሪክ አመጣች። ሱሳኪን በ1791 ከባሕር የመጣ ማዕበል ጠራርጎት ቤትም ሰውም ወስዷል፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት በአካባቢው ሰው እንዳይሰፍር ከለከለ። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ሰው የሌለው ሰዓሊው ስላልፈለገው አይደለም፤ በቦታው ሰው ስላልነበረ ነው። ለንስሩ የተለቀቀ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ገንዳው በዘመኑ ድሆች የሚቀበሩበት ክብ የሬሳ ሣጥን ሊሆን ይችላል ብላ ጨመረች፤ ለጠቡ በር የከፈተው ይህ ነው።

ከጠቡ በፊት ግን 4ኛው አለ፤ እኔ ክሩን ደግሜ ደጋግሜ የከፈትኩት ለእሱ ስል ነው። መላሹ አዲስ አበባ በሚገኘው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ህትመት የተማረ፣ እጁ መቅረጫ የሚያውቅ ሰው ነው። ስለ ነጩ ቀለም ለተጠየቀው ሲመልስ፣ በረዶው በአብዛኛው ያልታተመ ወረቀት ነው አለ። ከዚያ ሥራውን ደረጃ በደረጃ አስረዳ። ሰዓሊው በስስ ወረቀት ላይ በመስመር ብቻ ይነድፋል፤ እንጨትም ቀለምም አይነካም። ቀራጩ ያን ወረቀት ፊቱን ገልብጦ በቼሪ እንጨት ጣውላ ላይ ይለጥፍና መስመሩን ትቶ ሌላውን ይፈለፍላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ጣውላ ይቀረጻል። ወረቀቱ በየጣውላው ላይ ሲያርፍ እንዳይዛነፍ ኬንቶ የሚባል የማስተካከያ ጭረት በጣውላው ጥግና ጠርዝ ላይ ይደረጋል። አታሚው ቀለሙን በብሩሽ ይቀባል፣ ርጥብ ወረቀቱን ያነጥፋል፣ ባረን በሚባል የቀርከሃ ቅጠል በለበሰ ክብ ማሻ ጀርባውን ይፈገፍጋል። ማሽን የለም፤ ሁሉም የክንድ ጉልበት ነው። መሬት ላይ የተኛ በረዶ በዚህ ሁሉ ውስጥ እንጨቱ የተፈለፈለበት፣ ወረቀቱም ምንም ሳይነካው የወጣበት ቦታ ነው።

በአየር ላይ የሚወርድ በረዶ ግን ሌላ ነገር ነው አለ። አንዲት ፍንጣሪ ነጭ እንድትቀር፣ እሷ ባለችበት ቦታ የሰማዩ ጣውላ ብቻ ሳይሆን በዚያ ላይ የሚያርፈው የእያንዳንዱ ቀለም ጣውላ መፈልፈል አለበት። በአንዱ ከተረሳች ነጠብጣቧ ግራጫ ወይ ሰማያዊ ሆና ትወጣለች። ተመልካቹ ባዶ የሚለው ቦታ ቀራጩ ከሁሉ ይልቅ የደከመበት ነው። የጠየቀውን ሰው አልዘለፈም፤ ንስሩ ጌጥ ነው አይደለም የሚለውንም አላነሳም። ሙያውን ተናግሮ ወጣ።

5ኛው 3ኛዋን መምህርት ለቀም አደረጋት። እርስዎ የሚለው ቀርቶ አንቺ ሆነ። ገንዳው የሬሳ ሣጥን ነው የሚለው ሥዕሉ ላይ የሌለ ተረት ነው፤ ገንዳ ገንዳ ነው፣ ዓሣ አጥማጅ ባለበት ባሕር ዳር ገንዳ ይንሳፈፋል ብሎ ደመደመ። አነጋገሩ ሸካራ ነበር፣ ሐሳቡ ግን ከንቱ አይደለም። እኔም የሬሳ ሣጥኑን ወሬ አልወደውም፤ ሥዕሉ ያለ እሱም በቂ ፍርሃት አለው።

6ኛው በትሕትና 4ኛውን አረመ። ነጭ ሁሉ ባዶ ወረቀት አይደለም አለ። ከተፈጨ የባሕር ዛጎል የሚሠራ ጎፉን የሚባል ነጭ ቀለም አለ፤ አታሚዎች በረዶውን በእሱ የሚረጩበት ጊዜ አለ። ካራዙሪ የሚባል ያለ ቀለም የማተም ዘዴም አለ፦ የተቀረጸው ጣውላ ቀለም ሳይቀባ ወረቀቱ በኃይል ይጫንበታል፤ ወረቀቱ ያብጥና የወፍ ላባ ወይም የበረዶ ክምር ቅርጽ በጣት ይዳሰሳል። በጥንቃቄ በታተሙት የሱሳኪው ንስር ቅጂዎች ላይ ላባው ሚካ የሚባል አብረቅራቂ ማዕድን ዱቄት ተነስንሶበት ያብረቀርቃል፣ ጥፍሩም ሙጫ ተቀብቶ ያንጸባርቃል። ይህ የሚታየው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ሲያዩት ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ጠፍቶ ይቀራል። መላሹ ግራፊክስ ባለሙያውን በስክሪን ያየኸውን በስክሪን ፋቅከው ማለቱ ነበር፤ እንዲህ ደፍሮ ግን አላለውም።

7ኛው ሚኔሶታ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። ስለ ሥዕል አላውቅም ብሎ ጀመረና ከብዙዎቻችን የተሻለ ነገር ተናገረ። በረዶ በጣለ ማታ ብርሃን ከላይ አይመጣም፤ መሬቱ ከሰማዩ ይልቅ ነጭ ይሆናል፣ ሰማዩ ከብዶ ጭንቅላት ላይ ይቀመጣል አለ። የሂሮሺጌ ሰማይ ከላይ ጠቁሮ ወደ ታች እየሳሳ መሄዱ ትክክል ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ መብራት እንዴት እንዳየው ገርሞኛል ብሎ ጨረሰ። ያ እየሳሳ የሚሄድ ቀለም ቦካሺ እንደሚባልና አታሚው ጣውላውን አርጥቦ ቀለሙን በብሩሽ እየሳበ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ እንደ አዲስ እንደሚሠራው 4ኛው ተመልሶ በአንድ መስመር አስረዳው።

ከ8 እስከ 10 ያለው ስለ ካንባራ ነው። ሂሮሺጌ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በቶካይዶ መንገድ ተከታታይ ውስጥ ያሳተመው የካንባራ የምሽት በረዶ ከሁሉም የበረዶ ሥዕሎቹ ይበልጥ የታወቀ ነው። 8ኛው ካንባራ ሞቃታማ የባሕር ዳርቻ በመሆኑ እንዲህ ያለ በረዶ እንደማይጥልበት አስታወሰ። 9ኛው ታዲያ ሰውየው ዋሽቷል አለ። 10ኛው በጣም ተናደደ፤ ሰዓሊ የአየር ትንበያ ሠራተኛ አይደለም፣ ገዢው የፈለገው የመንገዱን ብቸኝነት ነው አለ፤ ደግሞም የዚያው ሥዕል ቅጂዎች ራሳቸው አይመሳሰሉም፣ በአንዳንዱ ጥቁረቱ ከሰማዩ አናት ይወርዳል፣ በሌላው ከተራሮቹ ጀርባ ይነሳል ሲል ጻፈ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ስድብ እኔ አንስቼዋለሁ።

በ11ኛው ላይ የክሩ ከፋች ተመለሰ፣ በደስታ። እናንተው አመጣችሁልኝ አለ፦ ካንባራ ላይ ወፍ የለም። ምርጡ በረዶ ወፍ የሌለበት ነው። በዚያ ላይ ሌላው ጃፓናዊ ሰዓሊ ካዋሴ ሃሱይ በ1925 የሠራውን የዞጆጂ ቤተ መቅደስ ጨመረ፤ ቀይ በር፣ በነፋስ የሚነዳ በረዶ፣ ጃንጥላ ይዛ የምትሄድ አንዲት ሴት፣ ወፍ የለም። ይህ እስከዚያ ድረስ የተባለውን ሁሉ ያንገዳገደ መልስ ነበር፤ ሰዎቹ ዝም ማለታቸውም ከዚያ ነው።

ዝምታውን የሰበረው 12ኛው ነው። ካንባራ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፣ ጎብጠው ይሄዳሉ፤ እነሱንም ፋቃቸውና እንይ አለ። ዞጆጂ ላይ ያለችውን ሴት ፋቃት። በበረዶ ላይ የሆነ ነገር ሕያው መሆን አለበት፤ ወፍ ባይሆን ሰው ይሆናል፣ አለዚያ ወረቀቱ ወረቀት ነው። ለማስረጃ ሌላውን ጃፓናዊ ሰዓሊ ሆኩሳይን ጠራ። የፉጂ ተራራ ሠላሳ ስድስት ትዕይንቶች የሚባለው ተከታታይ 46 ሥዕል ሲሆን በረዶ የለበሰ መንደር ያለበት አንዱ ብቻ ነው፣ የኮይሺካዋ ማለዳ። ሻይ ቤት ሰገነት ላይ ሰዎች ተሰብስበው ፉጂን ያያሉ፤ አንዲት ሴት ግን እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች፣ ከላይም ሦስት ትናንሽ ወፎች አሉ። ወፎቹ የምስሉ መቶኛ ክፍል አይሞሉም። ፋቃቸው፣ ሴትዮዋ ወደ ምንም የምታመለክት እብድ ትሆናለች። ከዚህ የጠነከረ መልስ እስከ 19ኛው ድረስ አልመጣም።

13ኛው ወፍ ወዳድ ነው፤ እዚህ ላይ ክሩ ዞረ። የሱሳኪው ንስር ምን ዓይነት ነው? ጃፓን በብርድ ወራት የሚመጣው ግዙፉ የባሕር ንስር ትከሻው ነጭ፣ ምንቃሩም ግዙፍ ቢጫ ነው፤ ይህኛው ትከሻው ቡናማ ስለሆነ ወርቃማው ንስር ነው አለ። 14ኛው ሂሮሺጌ ከሌሎች ሰዓሊዎች ሥራ እንጂ ከዛፍ ሥር ቆሞ እንደማይነድፍ ተናገረ። 13ኛው ቀበል አድርጎ፣ በበረዶ ከጎበጠ ሸምበቆ ሥር የሚዋኘውን የሂሮሺጌን ዳክዬ አሳየ፤ አረንጓዴ ራስ፣ የአንገቱ ነጭ ቀለበት፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነው፣ ይህን ከመጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው አይስለውም። ክርክሩ አልተፈታም፤ እኔ የዳክዬው ነገር አሳምኖኛል።

15ኛው ከሂሮሺጌ የኤዶ መቶ ትዕይንቶች የሚኖዋና የሚካዋሺማን ሥዕል አመጣ፤ ክሬን የሚባሉ፣ ቀይ አናትና ረጅም እግር ያላቸው ሁለት ወፎች፣ አንዱ ቆሞ፣ ሌላው ከሰማይ እየወረደ። እነዚህ ወፎች እዚያ የተገኙት በአጋጣሚ አልነበረም። ሾጉን የሚባለው የጃፓን ወታደራዊ ገዢ ሰዎች በሚካዋሺማ ማሳ ላይ ይቀልቧቸው ነበር፤ ወቅቱ ሲደርስ ሾጉኑ ራሱ በጭልፊት ያድናቸዋል፣ የታደነውም ወደ ኪዮቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ማዕድ ይላካል። ተራ ሰው እንዲነካቸው አይፈቀድም። ሾጉኑ ሲወድቅ ክልከላው አብሮ ወደቀ፣ ሕዝቡም አደናቸው። ከዚያ ጠፉ ተብለው ሲታመን በ1924 በሆካይዶ፣ ኩሺሮ ረግረግ ውስጥ ጥቂቶች ተገኙ። በ1952 ብርዱ ሲበረታ ገበሬዎች በቆሎ እየሰጡ ማትረፍ ጀመሩ፤ ዛሬ ከሺህ በላይ ናቸው። አንድ ሰው ከሥር፣ የእነሱ ዘመድ የሆነው ግራጫ ክሬን ከአውሮፓ ብርድ ሸሽቶ በበጋችን ጣና ዳርና ስምጥ ሸለቆ እንደሚወርድ ጨመረ። ይህች ያለቦታዋ ብትመጣም አልሰረዝኳትም።

16ኛው ዱሰልዶርፍ ከሚገኝ አሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የወፍ ህትመት ገዝቶ ኖሮ እውነተኛ መሆኑን እንድንነግረው ጠየቀ። 17ኛው በፎቶ አይታወቅም ብሎ የሚታዩትን ነገሮች ነገረው፦ ወረቀቱን ገልብጥ፣ የባረኑ ፍግፈጋ ምልክት አለ ወይ? ቀለሙስ ወደ ጀርባ ዘልቋል? በአጉሊ መነጽር ስታየው የማሽን ህትመት ነጠብጣብ ካለው ተወው። በሂሮሺጌ ዘመን የአንድ ህትመት ዋጋ ከአንድ ሳህን ኑድል እምብዛም እንደማይበልጥም አስታወሰ። ፊርማውን ሲያነቡለት ሥዕሉ የኦሃራ ኮሶን ሆኖ ተገኘ፤ በ1877 ካናዛዋ ተወልዶ በ1945 የሞተ፣ ዕድሜውን ሙሉ ወፍ የሳለ ሰው።

18ኛው ኮሶንን አጣጣለው። ሥራው ለአሜሪካ ሳሎን የተመረተ የቱሪስት ዕቃ ነው፣ ጃፓኖች ራሳቸው አልገዙትም፣ ከሂሮሺጌ ጋር በአንድ ክር መነሳቱም ያሳፍራል አለ። የገበያው ነገር እውነት አለው፤ ኮሶንም፣ አሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮም በብዛት የሚሸጡት ለውጭ ገዢ ነበር። የሂሮሺጌ ሥራስ ለጎዳና ገበያ የተመረተ አልነበረም እንዴ? ይህን ማንም ስላልጠየቀው እኔ እዚህ እጠይቀዋለሁ።

19ኛው ላይ 3ኛዋ መምህርት ተመለሰች፤ ስለ ሬሳ ሣጥኑ ምንም አላለችም። የኮሶንን በረዶ ውስጥ የቆመ ነጭ ሳቢሳ ለጠፈች። ተመልከቱ አለች፦ ወፉ ነጭ፣ በረዶው ነጭ፣ ሁለቱም ያው ያልታተመ ወረቀት ናቸው። ወፉን ወፍ ያደረገው ከኋላው ያለው ግራጫ ሰማይ፣ ጥቁር እግሩና ምንቃሩ፣ ላባው ላይ ያለ ቀለም የታተመው የካራዙሪ መስመር ነው። አሁን ፋቀው። የምትፋቀው ቀለም የለም። ወፉን ለማጥፋት በእሱ ቦታ ግራጫ መጨመር አለብህ፣ ያን ጊዜ ደግሞ በረዶው የት እንዳለቀ አይታወቅም። ወፉና በረዶው አንድ ወረቀት ከሆኑ ማን የማን ጌጥ ነው? በእኔ ግምት የክሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመልሷል፤ 4ኛው ስለ ሙያው የተናገረውና 12ኛው ስለ ሴትዮዋ እጅ ያለው በአንድ ሳቢሳ ላይ ተገናኙ።

20ኛው ከ1770 በፊት ሱዙኪ ሃሩኖቡ የሠራውን በበረዶ ውስጥ በአንድ ጃንጥላ የሚሄዱ ጥንዶች ሥዕል አመጣ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዷ ነጭ ለብሰዋል፣ ቁራና ሳቢሳ ተብለውም ይጠራሉ፣ ሥዕሉ ላይ ግን አንድም ወፍ የለም። ለየትኛው ወገን ማስረጃ እንደሆነ አልገባኝም። ግን ያምራል።

21ኛው የከፋቹ ነው። አልተረታም። ሳቢሳው ልዩ ጉዳይ ነው፣ ንስሩ ግን ቡናማ ስለሆነ ይፋቃል አለና በሂሮሺጌ በረዶ የለበሰ ካሜሊያ ላይ ያሉትን ድንቢጦች ፍቆ አዲስ ምስል ለጠፈ። ድንቢጦቹ በሌሉበት አበባው እውነትም ያምራል፤ የጥርስ ሐኪም ቤት የቀን መቁጠሪያም ይመስላል።

22ኛው የ4ኛው ሰው ነው። ክርክሩን ትቶ ራሱ ሊቀርጽ ተነስቷል፦ አንድ ሳቢሳ፣ ሁለት ጣውላ፣ አንዱ ለግራጫው አንዱ ለጥቁሩ። ቼሪ ስለማያገኝ በምን እንደሚተካው ጠየቀ። ዋንዛ ለመቅረጽ ይመቻል፣ ግን የእንጨቱ ቃጫ ክፍት ስለሆነ ስስ መስመር አይይዝለትም ብሎ ይፈራል፤ ወይራ ይይዝለታል፣ መቅረጫውን ግን ይጨርስበታል። የእንጨት ሥራ የምታውቁ በዚህ ላይ መልሱለት፤ የእንጨቱ ጉዳይ የራሱን ክር እንዲከፍት ነግሬዋለሁ፣ እስከዚያ እዚህ ጻፉ። ስድብ ያለበትን መልስ ያለ ማስጠንቀቂያ አነሳለሁ።